የሂንዱ በዓላት ዕለት በጨረቃ አቆጣጠር እንዴት እንደሚወሰን

ከህንድ አገር ሰዎች ጋር በሥራም ሆነ በጉርብትና የተዋወቀ፤ ወይም በቀድሞው ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከህንድ መምህራን ሒሳብና ሳይንስ የተማረ ሰው፤ አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። ይኸውም ዲዋሊ የሚባለው የመብራት በዓላቸው በያመቱ ቀኑን እየለወጠ መምጣቱ ነው። በ2015 ዓ. ም. ዲዋሊ የዋለው ጥቅምት 14 ቀን ነበር። በ2016 ኅዳር 2 ቀን ሆነ። በ2017 ወደ ጥቅምት 21፤ በ2018 ደግሞ ወደ ጥቅምት 10 ተመለሰ። የ2019 ዓ. ም. ዲዋሊ ግን ጥቅምት 29 ቀን ነው። ይህን የተመለከተ ሰው «አንድ ጊዜ ወደ ፊት፤ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ የሚል፤ ሥርዓት የሌለው በዓል ነው» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱም እጅግ የረቀቀ ነው።

ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመው በ2017 ዓ. ም. የሆነው ነው። በዚያ ዓመት በዚያው በህንድ አገር ዲዋሊ በሁለት ምሽቶች ተከበረ። የማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሐሙስ ጥቅምት 21 ቀን በበዓሉ ምክንያት ተዘግተው ሲውሉ፤ የሙምባይ የአክሲዮን ገበያ በዲዋሊ ምሽት ለመልካም ዕድል ሲል የሚያደርገውን የአንድ ሰዓት ግብይት የከፈተው ዓርብ ጥቅምት 22 ማታ ነበር። እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፤ ይህ ለሠራተኛው የዕረፍት ቀኑ፤ ለነጋዴው የገበያ ቀኑ፤ ለወላጆች ደግሞ ልጆቻቸው ከሩቅ ከተማ ተሳፍረው የሚገቡበት ቀን መሆኑን አስቡ። «በዓሉ መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ የሊቃውንት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ወደ እያንዳንዱ ቤት ይገባል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከጨረቃ መጀመር ይገባናል። ጨረቃ ከሠርቅ እስከ ሠርቅ ለመድረስ 29 ቀን ተኩል ያህል ይፈጅባታል። ይህ 12 ጊዜ ሲደጋገም 354 ቀን ይሆናል። የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ከሩብ ያህል ነውና የጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ያህል ይጎድላል። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ይህችን 11 በደንብ ያውቃታል፤ አበቅቴ የሚቆጠረው ከእርሷ ተነሥቶ ነውና። በእስልምና አቆጣጠር ይህ ጉድለት አይሞላም፤ ስለዚህ የረመዳን ጾም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ በ33 ዓመት ግድም ውስጥ በጋውንም ክረምቱንም ይዞራል። ሂንዱዎች ግን ወራቸውን ከጨረቃ፤ ዓመታቸውን ከፀሐይ ወስደው ሁለቱን ለማስታረቅ ቆረጡ። በዓላቱ በያመቱ የሚንቀሳቀሱት በዚህ ዕርቅ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው መለኪያ እንምጣ። የሂንዱ በዓል የሚሰየመው እኛ ቀን በምንለው ነገር ሳይሆን ቲቲ በሚባል የጨረቃ ዕለት ነው። በምድር ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ጨረቃ በከዋክብት መካከል በቀን 13 ዲግሪ ያህል ትጓዛለች፤ ፀሐይ ግን 1 ዲግሪ ያህል ብቻ ትራመዳለች። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ በገጠሙ ጊዜ አሮጌው የጨረቃ ወር ያልቃል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጨረቃ ፀሐይን 12 ዲግሪ በቀደመቻት ቁጥር አንድ ቲቲ ተፈጸመ ይባላል። ሙሉው ክበብ 360 ዲግሪ ስለሆነ በአንድ የጨረቃ ወር ውስጥ 30 ቲቲዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ 15 የብርሃን ግማሽ ይባላሉ፤ ጨረቃ እየሞላች የምትሄድባቸው ናቸው፤ መጨረሻቸውም ፑርኒማ የተባለው ሙሉ ጨረቃ ነው። የቀሩት 15 የጨለማ ግማሽ ናቸው፤ አማዋስያ በተባለው ጨረቃ በማይታይበት ሌሊት ይዘጋሉ።

አንድ ቲቲ በአማካይ 23 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ያህል ነው። ሆኖም ጨረቃ ወደ ምድር በቀረበች ጊዜ ስለምትፈጥን፤ በራቀች ጊዜም ስለምትዘገይ፤ አንዱ ቲቲ ወደ 20 ሰዓት ያጥራል፤ ሌላው ወደ 26 ሰዓት ይረዝማል። ደግሞም መጀመሪያው ማለዳን ወይም እኩለ ሌሊትን አይጠብቅም። በጠዋት ሊጀምር ይችላል፤ ሰው ምሳ በሚበላበት ሰዓትም ሊጀምር ይችላል፤ ሁሉም በተኛበት ሌሊትም እንዲሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ተንቀሳቃሽ ነገር ከተራው ቀን ጋር እንዴት ያገናኙታል? የህንድ ሊቃውንት ቀንን የሚጀምሩት ከፀሐይ መውጫ ነው። ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጥር ለኢትዮጵያ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ፀሐይ በወጣች ጊዜ የተገኘው ቲቲ ለዕለቱ ስሙን ይሰጠዋል። ነገሩ ማለዳ በር ሲከፈት ቤት ውስጥ የተገኘው እንግዳ የዕለቱ እንግዳ እንደሚባል ያለ ነው። እንግዲህ 7ኛው ቲቲ ፀሐይ ከወጣች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢጀምርና በማግሥቱ ፀሐይ ሳትወጣ ቢያልቅ፤ በሩ ሲከፈት አንድም ጊዜ አልተገኘምና ቁጥሩ ከ6 ወደ 8 ይዘላል። ረጅም ቲቲ ደግሞ በሁለት ማለዳ ይገኝና ሁለት ቀን ተከታትለው አንድ ቁጥር ይይዛሉ። ዝላዩም ድግግሞሹም በሥሌቱ የሚጠበቅ ስለሆነ ማንንም አያስደነግጥም።

ነገሩ ግን በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የ2017ቱ ክርክር አይነሣም ነበር። አብዛኞቹ ታላላቅ በዓላት ከቲቲያቸው ሌላ የተወሰነ ሰዓት አላቸው። ራም የተወለደው በቀትር ነው ስለሚባል የልደቱ በዓል የሚከበረው የቻይትራ ወር የብርሃን ግማሽ 9ኛው ቲቲ በቀትር በተገኘበት ቀን ነው። የክሪሽና ልደት በጨለማው ግማሽ 8ኛ ቲቲ በእኩለ ሌሊት ነው። የሺቫ ታላቅ ሌሊትም እኩለ ሌሊትን ይሻል። ዲዋሊ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለውን ምሽት ይፈልጋል፤ ላክሽሚ የተባለችው የሀብት አምላክ የምትመለክበት፤ የሸክላ ኩራዝ በየደጃፉ የሚበራበት ሰዓት ይኸው ነውና። ስለዚህ የዲዋሊ ሕግ በአጭሩ ሲነገር «አማዋስያ በምሽት የተገኘበት ቀን» የሚል ነው። በክሪሽና ልደት አንዳንዶች እኩለ ሌሊቱን፤ ሌሎች የፀሐይ መውጫውን ስለሚያስቀድሙ በዓሉ በብዙ ዓመታት በሁለት ተከታታይ ቀኖች ሲከበር ይታያል። በዚህ ግን የለመዱት ስለሆነ ብዙ አይከራከሩም።

በ2017 ዓ. ም. የሆነውን አሁን በግልጽ ማየት እንችላለን። በህንድ አገር ሰዓት፤ አጠራሩን ግን በእኛ ልማድ አድርገን ስንናገር፤ አማዋስያ የጀመረው ጥቅምት 21 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ ነው። ያለቀው በማግሥቱ ጥቅምት 22 ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ ነው። ከ26 ሰዓት በላይ የቆየ ረጅም ቲቲ ነበር ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ምሽቱንም ሌሊቱንም ሁሉ ሞላው። በሁለተኛው ቀን ግን የምሽቱን ጫፍ ብቻ ነካ። ያንን ጫፍ ደግሞ ከከተማ ከተማ ለኩት። በዴልሂ ፀሐይ የጠለቀችው 11 ሰዓት ተኩል ጥቂት እንዳለፈ ስለ ነበር አማዋስያ ከዚያ በኋላ 40 ደቂቃ ያህል ቆየ። በምሥራቅ በምትገኘው በኮልካታ ፀሐይ 11 ሰዓት ግድም ስለጠለቀች ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። በምዕራብ ዳርቻ በሙምባይ ግን ፀሐይ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለጠለቀች ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

እንግዲህ ሊቃውንቱ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ምሽቱንና ሌሊቱን በሙሉ የያዘውን የመጀመሪያውን ቀን መረጠ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አማዋስያ በሁለቱም ምሽቶች ከተገኘ ሁለተኛው ይመረጣል» የሚለውን የቆየ ሕግ ጠቀሰ። በዚህ ሕግ ላይ አማዋስያ ከፀሐይ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ አንድ ጋቲ ሊቆይ ይገባል የሚል ልክ ይጨመርበታል። ጋቲ ማለት የዕለት 60ኛ ክፍል፤ ማለትም 24 ደቂቃ ነው፤ የእኛ ባሕረ ሐሳብ ኬክሮስ የሚለው ልክ ይኸው ነው። በዚህ መለኪያ ዴልሂና ኮልካታ ሁለተኛውን ምሽት ለመያዝ ሲበቁ ሙምባይ አይበቃም። የሚገርመው ግን ገበያውን በሁለተኛው ምሽት የከፈተው ሙምባይ መሆኑ ነው! ልማድና የየአገሩ መጽሐፍ ከደቂቃው ሥሌት የሚበረቱበት ጊዜ አለ። በእኔ አስተያየት ይህን ክርክር የአላዋቂነት ምልክት አድርጎ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው። ሁለቱም ወገኖች ጨረቃ በየትኛው ደቂቃ የት እንደ ነበረች አልተለያዩም፤ የተለያዩት በሕጉ ትርጉም ነው፤ በሕግ ትርጉም የማይለያይ ሊቅ ደግሞ በየትኛውም አገር የለም።

ስለ ቀኑ ይህን ያህል ካልን ስለ ወሩ እንናገር፤ በያመቱ የሚታየው ትልቁ ዝላይ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ፀሐይ በዓመት ውስጥ በ12ቱ የከዋክብት ክፍሎች፤ ማለትም የእኛ ሊቃውንት ሐመል፤ ሠውር፤ ገውዝ እያሉ በሚጠሯቸው ቤቶች ታልፋለች። በእያንዳንዱ ቤት የምትቆየው በአማካይ 30 ቀን ተኩል ያህል ነው። ሂንዱዎች የጨረቃን ወር ስም የሚሰጡት በዚያ ወር ውስጥ ፀሐይ የገባችበትን ቤት አይተው ነው። ፀሐይ ወደ ሐመል የገባችበት የጨረቃ ወር ቻይትራ ይባላል፤ ሌሎቹም እንደዚሁ በተራቸው ይሰየማሉ።

ይሁን እንጂ የጨረቃ ወር 29 ቀን ተኩል ብቻ ስለሆነ ፀሐይ በአንድ ቤት ከምትቆይበት ጊዜ ያጥራል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ፀሐይ ወደ አንድ ቤት ከገባች በኋላ የሚጀምርና ወደሚቀጥለው ቤት ሳትገባ የሚያልቅ ወር ይገኛል። እንዲህ ያለው ወር የራሱ ስም የለውም፤ የሚከተለውን ወር ስም ተውሶ «ተጨማሪ» የሚል ቅጽል ይታከልበታል። በቋንቋቸው አድሂክ ማስ ይሉታል። በ32 ወይም በ33 ወር ግድም አንድ ጊዜ ይመጣል፤ በ19 ዓመትም ውስጥ 7 ጊዜ ያህል ነው። ይህች 19 ቁጥር ለባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ የቆየች ወዳጁ ናት፤ ንዑስ ቀመር የሚላት እርሷ ናት። ልዩነቱ፤ ሂንዱዎች ቋሚ የ19 ዓመት ሠንጠረዥ አለመያዛቸው ነው፤ በያንዳንዱ ወር ፀሐይ ገባች አልገባችም ብለው አዲስ ሥሌት ይሠራሉ።

በተጨማሪው ወር ታላላቅ በዓላት አይከበሩም፤ ሠርግም አይደገስም። ጾምና ጸሎት ግን ይበዛበታል፤ ወሩ የቪሽኑ ነው ተብሎ ይከበራልና። በዓሉ የሚቆየው እውነተኛው ወር እስኪመጣ ነው። ከሐምሌ 11 እስከ ነሐሴ 10 ቀን 2015 ዓ. ም. ሽራዋን የተባለው ወር ተጨማሪ ሆኖ ነበር። በመጀመሪያ የጠቀስነው ዲዋሊ ከጥቅምት 14 ወደ ኅዳር 2 የዘለለው በዚህ ምክንያት ነው፤ 11 ቀን ሊቀድም ሲገባው አንድ ሙሉ የጨረቃ ወር ከፊቱ ገብቶበት 18 ቀን ዘገየ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል እየቀደመ ሄደ። ከግንቦት 9 እስከ ሰኔ 8 ቀን 2018 ያለው ወር እንደገና ተጨማሪ ስለሆነ የ2019ኙ ዲዋሊ ወደ ጥቅምት መጨረሻ ይመለሳል። ይህ ወር ባይጨመር ኖሮ ዲዋሊ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከጥቅምት ተነሥቶ ሐምሌ ላይ በወረደ ነበር። ሐምሌ በህንድ ታላቁ የዝናም ወራት ነው። የሸክላ ኩራዝ በደጃፍ ላይ የሚደረደርበት በዓል በዝናም መካከል ምን ሊሆን እንደሚችል ማንም ይገምተዋል።

ከዚህም እጅግ የራቀ ነገር አለ። ፀሐይ በብርድ ወራት ስለምትፈጥን አልፎ አልፎ በአንድ የጨረቃ ወር ውስጥ ሁለት ቤት ትገባለች፤ ያን ጊዜ አንድ የወር ስም ከዓመቱ ይጠፋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1964 እና ከ1982 እስከ 1983 በነበሩት ዓመታት እንዲህ ሆኗል። በእንዲህ ያለው ዓመት ሁለት ተጨማሪ ወራት ስለሚገኙ ሒሳቡ ይካካሳል።

የወሩም ስም ቢሆን በመላው ህንድ አንድ አይደለም። በጉጃራት፤ በማሃራሽትራና በደቡብ ክፍሎች ወር የሚያልቀው በአማዋስያ ነው፤ በሰሜን ግን በሙሉ ጨረቃ ያልቃል። በዚህ ምክንያት ዲዋሊ ለጉጃራት ሰው የአሽዊን ወር የመጨረሻ ሌሊት ሲሆን፤ ለቫራናሲ ሰው የካርቲክ ወር እኩሌታ ነው። የጉጃራት ነጋዴ ከዲዋሊ በኋላ አዲሱን ዓመት ብሎ አዲስ የሒሳብ መዝገብ ይከፍታል። የሰሜኑ ሰው አዲስ ዓመት ግን በቻይትራ ነው። ስሙ ይለያይ እንጂ ሌሊቷ ያችው አንዷ ሌሊት ናት።

ጨረቃን የማይጠብቁ በዓላትም አሉ። ከእነርሱ የታወቀው ፀሐይ ወደ ጀዲ ቤት የምትገባበት መካር ሳንክራንቲ ነው፤ በያመቱ ጥር 6 ግድም ይውላል። የፑንጃብ ቫይሳኪ፤ የታሚሎችና የቤንጋሎች አዲስ ዓመትም ሚያዝያ 6 ግድም ናቸው። እነዚህ በዓላት የማይንቀሳቀሱ ይመስላሉ። ነገር ግን የህንድ አቆጣጠር የፀሐይን ቤቶች የሚለካው ከከዋክብት ስለሆነ፤ የምድርም ዘንግ ቀስ እያለ ስለሚዞር፤ በዓላቱ በ72 ዓመት ግድም አንድ ቀን ከወቅቶች ወደ ኋላ ይቀራሉ። መካር ሳንክራንቲ ፀሐይ ወደ ሰሜን ጉዞዋን የምትጀምርበት ቀን ተብሎ የከበረ ነበር። ፀሐይ በእውነት ወደ ሰሜን የምትመለሰው ግን በታኅሣሥ 12 ወይም 13 ነው፤ በዓሉ ከዚህ ከሦስት ሳምንት በላይ ዘግይቷል።

ይህን ለማረም ህንድ ነጻነቷን ባገኘች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታላቅ ሙከራ ተደርጓል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1952 ዓ. ም. መንግሥት የዘመን አቆጣጠር ማሻሻያ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩም በዓለም የታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ሜግናድ ሳሃ ነበር። ኮሚቴው በአገሪቱ 30 ያህል የተለያዩ አቆጣጠሮች እንደሚሠራባቸው መርምሮ በ1955 መግለጫውን አቀረበ። በዚሁ መሠረት መጋቢት 13 ቀን 1949 ዓ. ም. በእኛ አቆጣጠር፤ የህንድ ብሔራዊ አቆጣጠር በሥራ ላይ ዋለ። ሳሃ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1956 ስላረፈ ይህን ቀን አላየም። አዲሱ አቆጣጠር በመንግሥት ጋዜጣና በሬዲዮ ማስታወቂያ ላይ ቦታ አገኘ። ሕዝቡ ግን በዓሉን የሚያከብረው እስከ ዛሬ በአባቶቹ ቲቲ ነው። የሚያስወቅሰው አይመስለኝም፤ አያቱ ያበሩበትን ሌሊት በመንግሥት ውሳኔ ለመለወጥ የሚፈቅድ ሰው ጥቂት ነው።

ሕዝቡ በዓሉን የሚያውቀው ፓንቻንግ ከሚባለው ዓመታዊ መጽሐፍ ነው፤ የቃሉ ትርጉም «አምስት ክፍል» ማለት ነው፤ ከአምስቱ አንደኛው ቲቲ ነው። ፓንቻንግ የሚያዘጋጁትም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ሱርያ ሲድሃንታ በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ሥሌት ይሠራሉ፤ ሌሎቹ በዘመናዊው የሥነ ፈለክ ምርመራ የታረመውን ይጠቀማሉ። በሁለቱ መካከል የአንድ ቲቲ መጨረሻ በሰዓታት ሊለያይ ይችላል፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ በዓሉን በአንድ ቀን ለማዛወር ይበቃል። መንግሥትም ራሽትሪያ ፓንቻንግ የተባለውን በብዙ ቋንቋዎች ያሳትማል፤ የሚያሰላው በኮልካታ ያለ የሥነ ፈለክ መሥሪያ ቤት ነው። ሥሌቱ የሚሠራው ለአገሪቱ በተመረጠ አንድ ማዕከላዊ ቦታ ሲሆን፤ የቦታው ኬንትሮስ 82 ዲግሪ ተኩል ምሥራቅ ነው።

ከዚህ የተነሣ ከአገሩ ወጥቶ የሚኖር ሂንዱ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ በዓሉን በህንድ ሰማይ ያክብረው ወይስ በሚኖርበት ሰማይ? የቲቲ መጀመሪያና መጨረሻ ለዓለም ሁሉ አንድ ቅጽበት ነው፤ ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት ግን በየአገሩ ይለያያል። የ2017ቱን አማዋስያ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ብንመልሰው ጥቅምት 21 ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ ጀምሮ በማግሥቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ያልቃል። ጥቅምት 22 ቀን በአዲስ አበባ ፀሐይ ስትጠልቅ አማዋስያ ካለፈ ከሁለት ሰዓት በላይ ሆኖት ነበር። ስለዚህ በህንድ ሊቃውንትን ለሁለት የከፈለው ክርክር በእኛ ከተማ አልደረሰም፤ በአዲስ አበባ ሰማይ ሥር የአማዋስያ ምሽት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷም የሐሙስ ጥቅምት 21 ምሽት ነበረች።